ከጥለቱ በፊት ድሩ

የሸማኔን ሥራ ቀርቦ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳይገነዘብ አይቀርም። ሸማኔው አስቀድሞ ድሩን ያደራል፤ ቀጥሎ ማጉን በመወርወሪያ እያመላለሰ ያስገባል፤ ዐይን የሚማርከው፣ በገበያ ዋጋ የሚያወጣው፣ ለባሹን የሚያኮራው ጥለት የሚያርፈው በዚሁ በተዘረጋው ድር ላይ ነው። ጥለት የሌለው ጋቢ ከብርድ ያድናል፤ ድር የሌለው ጥለት ግን የተቋጠረ ክር ከመሆን አያልፍም። ሸማኔው ይህን ቅደም ተከተል ከመጽሐፍ አልተማረውም፤ የሥራው ባሕርይ ራሱ አስገድዶ ያስያዘው ነው።

በኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ ለሚነበበው ገጽ አማርኛ «ድረ ገጽ» የሚል ስም ያወጣለት ከዚሁ ከድር ቃል ተነሥቶ ነው። ይሁን እንጂ በሸማኔውና በድረ ገጽ ሠሪው መካከል አንድ ዐቢይ ልዩነት አለ። ድረ ገጽ ሠሪውን የሥራው ባሕርይ አያስገድደውም። ከፈለገ ከጥለቱ ሊጀምር ይችላል፤ ቀለሙን፣ እንቅስቃሴውን፣ ብልጭልጩን አስቀድሞ፣ ቃሉንና ፍሬ ነገሩን በዚያ ውስጥ ሊሸሽገው ይችላል። እርሱ በሚጠቀምበት አዲስ መሣሪያና ፈጣን መሥመር ሲታይ ሥራው ያማረና የተሟላ ይመስላል። ስለዚህ ለሸማኔው የሙያ ግዴታ የሆነው ነገር ለድረ ገጽ ሠሪው የኅሊና ጥያቄ ይሆናል። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ነገር የሚሠራ ሰው ሥራውን ሲጀምር በዐይነ ኅሊናው ፊት ማንን ያቁም? ሁሉ የተሟላለትን ወይስ ምንም ያልተሟላለትን?

ይህ የጥቂት ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገሩ ጠለቅ ተብሎ ሲታይ ግን ኪነ ጥበብ ለረጅም ዘመን ሲከራከርበት የኖረው የቅርጽና የይዘት፣ የውበትና የአገልግሎት ጥያቄ በአዲስ ቦታ መነሣቱ ነው።

የድረ ገጽ አመጣጥ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ቲም በርነርስ ሊ የተባለ እንግሊዛዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ ሰርን በተባለው፣ በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ተቋም ሲሠራ፣ በልዩ ልዩ ኮምፒዩተሮች ተበታትኖ የሚገኘውን ጽሑፍ እርስ በርሱ የሚያያይዝ ዘዴ አቀረበ። በተቋሙ የነበሩት ኮምፒዩተሮች ዓይነታቸው የተለያየ ስለ ነበረ በአንዱ የተቀመጠውን በሌላው ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። የአዲሱ ዘዴ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ጽሑፉ አንድ ይሁን፣ የሚያነብበው መሣሪያ ግን ማንኛውም ይሁን የሚል ነበር። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ከጽሑፍና ከማያያዣ በቀር ምንም አልነበረባቸውም፤ ሥዕል ማሳየት በማይችል፣ ፊደል ብቻ በሚያወጣ መሣሪያም ይነበቡ ነበር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 1993 ተቋሙ ይህን ሥራ ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለዓለም ሕዝብ ለቀቀው። ከጅምሩ የታሰበው እንግዲህ አጥርና በር የሌለው አደባባይ ነበር።

በአደባባዩ ላይ አጥር የታጠረው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ጃቫስክሪፕት የተባለው፣ ገጹ በአንባቢው ፊት እንዲንቀሳቀስና መልስ እንዲሰጥ የሚያደርገው የትእዛዝ ቋንቋ መጣ። በ1996 መጨረሻ ደግሞ ሲኤስኤስ የተባለው፣ የገጹን ቀለምና አቀማመጥ የሚወስነው ደንብ ጸደቀ። እነዚህ መሣሪያዎች በራሳቸው ክፉ አልነበሩም፤ እንዲያውም በአግባቡ ሲሠራባቸው ገጹን አበልጽገውታል። ችግሩ የተፈጠረው ሠሪዎች ጌጡን መሠረት ባደረጉት ጊዜ ነው። ቃላትን በፊደል ከመጻፍ ይልቅ በሥዕል ውስጥ መቀባት የተለመደ ሆነ። «ይህ ገጽ የሚታየው በእንዲህ ያለ ፕሮግራም ብቻ ነው» የሚል ማስታወቂያ በብዙ ገጾች ደጃፍ ላይ ተለጠፈ።

ከዚህ ደጃፍ ፊት ለፊት የቆመው ሰው ማን እንደ ሆነ ማወቅ ያሻል። ዐይነ ስውር ሰው ኮምፒዩተር የሚጠቀመው በገጹ ላይ የተጻፈውን በድምፅ በሚያነብለት ወይም በብሬይል ነጥብ አድርጎ ለጣቱ በሚያቀርብለት መሣሪያ አማካይነት ነው። ይህ መሣሪያ የተጻፈን ፊደል እንጂ የተቀባን ፊደል እንዲያነብ አልተሠራም። ስለዚህ ሠሪው ከሥዕሉ ጋር ምን እንደ ሆነ የሚገልጽ ጥቂት ቃል ካልጻፈለት፣ በሥዕል የተቀባው ርእስ ለዚያ አንባቢ ድምፅ የሌለው ግድግዳ ነው።

የዚህ ዓይነት ግድግዳ ያጋጠመው ብሩስ ማጓየር የተባለ ከልደቱ ጀምሮ ዐይነ ስውር የሆነ አውስትራልያዊ፣ እ.ኤ.አ. በጁን 1999 በሲድኒ የኦሊምፒክ ጨዋታዎች አዘጋጅ ኮሚቴ ላይ ለአገሩ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ክስ አቀረበ። በኮሚቴው ድረ ገጽ ላይ የሚገኙት ሥዕሎች የጽሑፍ መግለጫ አልነበራቸውም፤ ከመርሐ ግብሩ ገጽ ወደ ስፖርቶቹ ዝርዝር መሻገር አልቻለም፤ የውጤት ሰንጠረዡም ለእርሱ ዝግ ነበር። ኮሚቴው ከሰጣቸው መልሶች አንዱ ገጹን ማስተካከል ለአንድ ሰው በቀን 8 ሰዓት ተሠርቶ 368 ቀናት የሚፈጅ ሥራ ነው የሚል ነበር። ለከሳሹ የመሰከሩ ባለሙያዎች ግን ሥራው በጥቂት ሰዎች በሳምንታት ውስጥ የሚያልቅ መሆኑን አስረዱ። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. ኦገስት 24 ቀን 2000 ለከሳሹ ፈረደለት፤ ገጹ ጨዋታዎቹ እስከሚከፈቱበት እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ እንዲታረምም አዘዘ። ትእዛዙ በሙሉ አልተፈጸመም። ጨዋታዎቹ ተጀምረው አለቁ፤ በኖቬምበር ኮሚቴው ለከሳሹ 20,000 የአውስትራልያ ዶላር እንዲከፍል ተወሰነበት።

ከዚህ ፍርድ የሚገኘው ትምህርት ምንድን ነው? ከሳሹ ገንዘቡን አገኘ፤ የኦሊምፒኩን ሰሞን ግን አላገኘውም። የአገሩ ሕዝብ ሁሉ በአንድ ነገር በሚነጋገርበት በዚያ ሰሞን እርሱ የውጤቱን ሰንጠረዥ ራሱ ሊያነብ አልቻለም። እንዲህ ያለው ጉድለት በገንዘብ አይካስም። በሌላ በኩል ደግሞ ኮሚቴው የጠቀሳቸው 368 ቀናት ከየት እንደ መጡ ማሰብ ይገባል። የቁጥሩን ትክክለኛነት ለጊዜው ብንቀበለው እንኳ፣ ቀናቱ ዐይነ ስውር አንባቢ በባሕርዩ የሚጠይቀው ወጪ አይደሉም፤ ሥራው እርሱን ሳያስብ ከተገነባ በኋላ ወደ ኋላ የመመለሻ ዋጋ ናቸው። ሥዕሉ ሲገባ አብሮ የሚጻፍ አንድ ዐረፍተ ነገር የደቂቃ ሥራ ነው፤ በሺህ የሚቈጠሩ ገጾች ካለቁ በኋላ ግን ያው ዐረፍተ ነገር ዘመቻ ይሆናል። «ለእነርሱ የሚሆን በጀት የለንም» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ «አስቀድመን አላሰብናቸውም» የሚለውን ሐቅ የሚሸፍን መጋረጃ ነው።

የሥራውን ቅደም ተከተል የሚመለከት ግልጽ ሐሳብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በማርች 2003 ነው። ስቲቭ ሻምፒዮንና ኒክ ፊንክ የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች በአሜሪካ በቴክሳስ ክፍለ ሀገር በኦስቲን ከተማ በተደረገ ጉባኤ ላይ፣ ደረጃ በደረጃ የማበልጸግ ስልት ተብሎ ሊተረጐም የሚችለውን አሠራር አስተዋወቁ። ከዚያ በፊት ይሠራበት የነበረው ልማድ ገጹን በጊዜው ለነበረው ምርጥ መሣሪያ አሟልቶ ሠርቶ፣ በኋላ ለደካማው መሣሪያ መቀነስና መጠጋገን ነበር። አዲሱ ስልት ይህን ገለበጠው። በመጀመሪያ ቃሉና የቃሉ አደረጃጀት ይቀመጣል፤ ይህ ርእስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው፣ ይህ ዝርዝር ነው፣ ይህ መልስ የሚጻፍበት ቦታ ነው ተብሎ በኤችቲኤምኤል ይለያል። በዚህ ላይ መልኩ ይደረብለታል። በመጨረሻም እንቅስቃሴው ይታከልበታል። እያንዳንዱ ድርብ ቢታጣ ከሥሩ ያለው ብቻውን መቆም አለበት።

ይህ አሠራር ከመሣሪያው ባሕርይ ጋርም ይስማማል። ገጹን የሚያሳየው ፕሮግራም በኤችቲኤምኤልና በሲኤስኤስ ውስጥ የማያውቀውን ምልክት ሲያገኝ ዘልሎት ንባቡን ይቀጥላል። ጃቫስክሪፕት ግን እንዲህ ታጋሽ አይደለም፤ መሥመር ላይ አንድ ስሕተት ሲገጥመው የጀመረውን አቋርጦ ሊቆም ይችላል። እንግዲህ የገጹን ቃል ሁሉ በጃቫስክሪፕት ላይ ብቻ ያቆመ ሠሪ፣ ቤቱን በማገሩ ትቶ በመጋረጃው ላይ የሰቀለ ሰው ነው።

አንድ ቀላል ምሳሌ ነገሩን ያብራራዋል። ማመልከቻ የሚላክበት አንድ ገጽ ከግርጌው «ላክ» የሚል ቁልፍ አለው። ሠሪው ይህን ቁልፍ በሁለት መንገድ ሊሠራው ይችላል። በአንደኛው መንገድ እውነተኛ ቁልፍ መሆኑን በኤችቲኤምኤል ይናገራል፤ በዚህ ጊዜ ማውስ መያዝ የማይችል ሰው በፊደል ገበታው ይደርስበታል፣ ዐይነ ስውሩም የንባብ መሣሪያው «ቁልፍ» ብሎ ይነግረዋል። በሁለተኛው መንገድ ሠሪው አንድ ባዶ ሳጥን ቀለም ቀብቶ፣ ጠርዙን አለዝቦ፣ ቁልፍ ያስመስለዋል። ለሚያይ ሰው በሁለቱ መካከል ልዩነት የለም። ሁለተኛው ግን በተውኔት መድረክ ጀርባ ላይ እንደ ተሣለ በር ነው። ከተመልካቹ ወንበር ሲታይ በር ነው፤ ሊወጣበት የሄደ ተዋናይ ግን ግንባሩን ከግድግዳው ያጋጫል። በመድረክ ላይ የተሣለ በር ስሕተት አይደለም፤ ማንም ሊያልፍበት አልተሠራምና። ማመልከቻ የሚላክበት በር ግን ሊታለፍበት ነው የተሠራው። ቅርጽ ይዘቱን ሲከዳ ምን እንደሚመስል ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ አይገኝም።

በዚህ አሠራር ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ሊናቁም አይገባም። የመጀመሪያው ጥቂቶችን በማሰብ ብዙኃኑን መጉዳት አይገባም የሚለው ነው። ይህን ለመመዘን እ.ኤ.አ. በ2013 የብሪታንያ መንግሥት የዲጂታል አገልግሎት ክፍል ያደረገው ሙከራ ይጠቅማል። ክፍሉ በመንግሥቱ ድረ ገጽ ላይ ጃቫስክሪፕት የማይደርሳቸው ጐብኝዎች ምን ያህል እንደ ሆኑ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ በሆኑ ጉብኝቶች መዝኖ 1.1 በመቶ፣ ማለትም ከ93 ሰዎች 1 ያህል መሆናቸውን አገኘ። ቁም ነገሩ ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ከእነዚህ ውስጥ መሣሪያቸው ጃቫስክሪፕትን የማይችል ወይም ራሳቸው የዘጉት 0.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት 0.9 በመቶ መሣሪያቸው የተሟላ ሆኖ ሳለ በዚያች ቅጽበት ሳይደርሳቸው የቀረ ናቸው። የስልክ መሥመር ሲቋረጥ፣ የመሥሪያ ቤት የጥበቃ ሥርዓት ሲያግድ፣ ገጹ በከፊል መጥቶ ሲቀር ይህ ይሆናል። ስለዚህ «ጥቂቶች» የተባሉት ተለይተው የሚታወቁ የሰዎች ወገን አይደሉም፤ በማንኛውም ሰው ሕይወት ውስጥ የሚመጣ ሰዓት ናቸው። ዛሬ የሚያይ ዐይን በእርጅና ይፈዝዛል፤ ዛሬ ማውስ የያዘ እጅ ነገ ተሰብሮ በጀሶ ይታሰራል። ለብዙኃኑ ተብሎ የሚተወው ሰው፣ ከብዙኃኑ መካከል ተራው የደረሰው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ደግነት የተሞላ ይመስላል። ለአካል ጉዳተኞች የሚሆን ሌላ ገጽ፣ ጽሑፍ ብቻ ያለበት፣ ለብቻ ይሠራላቸው ይላል። ይህ ሐሳብ በተግባር የሚያመጣው ውጤት የታወቀ ነው። ዋናው ገጽ በየቀኑ ሲታደስ የጓሮው ገጽ ይረሳል፤ ማስታወቂያው በዋናው በር ዛሬ ሲወጣ በጓሮው ከሳምንት በኋላ ይደርሳል፣ ወይም ጨርሶ አይደርስም። ከዚህ ሌላ የክብር ጥያቄም አለ። ለሰርግ የተጠራ እንግዳ እንደ ሌላው በዳሱ ገብቶ መብላት ሲችል ድርሻው በሳህን ወደ ደጅ ቢወጣለት፣ ምግቡ አንድ ዓይነት ቢሆንም መስተንግዶው አንድ አይደለም። ደረጃ በደረጃ የማበልጸግ ስልት የሚለየው በዚህ ነው፤ ገጹ አንድ፣ አድራሻው አንድ፣ ቃሉ አንድ ሆኖ፣ እያንዳንዱ አንባቢ መሣሪያውና አካሉ በፈቀደለት መጠን ይጠቀማል።

ሦስተኛው የኪነ ጥበብ ሰዎች የሚያነሡት ነው። ከዝቅተኛው መነሣት የፈጠራን ክንፍ አይሰብርም ወይ? ይላሉ። መልሱ ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል ስልቱ ከዝቅተኛው ተነሥ አለ እንጂ እዚያው ቅር አላለም፤ ጥለቱን የሚከለክል ሸማኔ የለም። በሌላ በኩል ግን የሥራዎች ዓይነት መለየት አለበት። ሥዕል ለዐይን የተሠራ ነው፤ ዜማ ለጆሮ የተሠራ ነው፤ መግለጫ ምንም ያህል ቢያምር የሥዕሉን ቦታ ሙሉ በሙሉ አይተካም። ይህን ወሰን በቅንነት መቀበል ይገባል። የፈተና ውጤት፣ የሥራ ማስታወቂያ፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ የመንግሥት ዐዋጅ ግን ሥዕል አይደሉም። የእነዚህ ሁሉ ፍሬ ነገር ቃልና ቁጥር ነው። ቃልንና ቁጥርን የማይነበብ ያደረገ ሠሪ በፈጠራ ነጻነት ሊመካኝ አይችልም።

የድረ ገጽ ደንቦችን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኅብረት የተደራሽነት መመሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በ2008 የወጣው ሁለተኛው ቅጽ አራት መሠረቶችን አቆመ፤ ገጹ በአንድ ስሜት ቢታጣ በሌላው የሚደረስበት፣ በልዩ ልዩ መንገድ የሚሠራበት፣ የሚገባና በልዩ ልዩ መሣሪያ የሚጸና ይሁን አለ። መመሪያው በ2018 እና በ2023 ተሻሽሏል። ይሁንና ደንብ መኖሩና ሥራ ላይ መዋሉ የተለያዩ ናቸው። ዌብኤይም የተባለው የአሜሪካ ተቋም በየዓመቱ 1 ሚሊዮን የመግቢያ ገጾችን በመሣሪያ ይመረምራል፤ በ2019 ከእነዚህ 97.8 በመቶው፣ በ2025 ደግሞ 94.8 በመቶው ከመመሪያው ጋር የማይስማማ ስሕተት ተገኝቶባቸዋል። መሣሪያ የማያገኘው ስሕተት ደግሞ አለ። ለሥዕል መግለጫ ጻፍ የተባለ ሠሪ «ሥዕል» ብሎ ቢጽፍ ተቈጣጣሪው መሣሪያ ሊያልፈው ይችላል፤ አንባቢው ግን ምንም አላገኘም። እዚህ ላይ ደንብ ያበቃና ለሰው ማሰብ ይጀምራል።

ጉዳዩ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ አይደለም። ማየት የተሳናቸው ሊቃውንት በቃል ተምረው፣ በቃል ይዘው፣ በቃል ያስተማሩበት የቤተ ክህነት ትምህርት በዚህች አገር ረጅም ታሪክ አለው። ዕውቀት ከዐይን ውጭ በሌላ መንገድ ሊተላለፍ መቻሉ እንግዳ ሐሳብ አልነበረም። የግእዝ ፊደል በኮምፒዩተር ዘመን ያለፈበት መንገድም ያው ትምህርት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ የራሱን ቦታ እስኪያገኝ ድረስ፣ እያንዳንዱ ፊደል ሠሪ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በየራሱ መንገድ ያስቀምጠው ነበር፤ ያ የፊደል ፋይል የሌለው አንባቢም የሚያየው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ድርድር ነበር። በመልክ ፊደል፣ በፍሬው ግን ሌላ ነገር ነበር ማለት ነው። ያ ችግር ሲወገድ የአማርኛ ጽሑፍ የሚፈለግ፣ የሚገለበጥ፣ በድምፅም ሊነበብ የሚችል ሆነ።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ማስታወቂያን በፊደል ከመጻፍ ይልቅ ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ ፎቶግራፍ አንሥቶ መለጠፍ ዛሬም የተለመደ ነው። ማኅተሙ የታማኝነት ምልክት ስለ ሆነ ምክንያቱ ይገባል። ነገር ግን ያ ደብዳቤ ብቻውን ሲለጠፍ ዐይነ ስውሩ መምህር የንባብ መሣሪያውን ከፍቶ የሚሰማው «ምስል» የሚል አንድ ቃል ነው። የሥራ ጥሪው ስለ እርሱ ይሁን ስለ ሌላ፣ ቀኑ ይለፍ ወይም ይቅር፣ ሌላ ሰው ካላነበበለት አያውቅም። ሌላ ሰው ሲያነብለት ደግሞ የግል ጉዳዩ የግሉ መሆኑ ይቀራል። በገጠር ከተማ ደካማ መሥመር ላይ ያለው ተማሪም በጥቂት ፊደላት ሊደርሰው ይችል የነበረውን ቃል፣ ከፊደሉ ብዙ እጥፍ የሚከብደው ፎቶግራፍ እስኪወርድለት በገንዘቡ ይጠብቃል። መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ከፎቶግራፉ ሥር ያንኑ ቃል በፊደል መጻፍ ብቻ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ዓለም አቀፍ ስምምነትም መረጃና ኢንተርኔት ለሁሉም ተደራሽ እንዲሆን ያዛል፤ ስለዚህ ነገሩ የችሮታ ብቻ ሳይሆን የመብት ጉዳይ ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ስለ ክሩ ኅብረት እንጂ ስለ ክሩ ቀለም አልተናገረም። ገጽ የሚሠራ፣ ማስታወቂያ የሚያወጣ፣ ትምህርት የሚያዘጋጅ ሰው ሁሉ ሥራውን ከመልቀቁ በፊት ራሱን ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ቀላል ጥያቄ አለ። ቀለሙ ቢነሣ፣ ሥዕሉ ቢጠፋ፣ እንቅስቃሴው ቢቆም፣ የቀረው ቃል ሊናገር የተነሣውን ይናገራል ወይ? ይናገራል ከሆነ ጥለቱን እንደ ልቡ ያሳምር። አይናገርም ከሆነ ግን ጥለቱን ለጊዜው ትቶ ወደ ድሩ መመለስ ይገባዋል።